ፍሪዘር ውስጥ የገባ ምግብ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄው

ፍሪዘሩ እንደሚሠራ፣ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንደሚደርስ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሥጋው ሲቀልጥ ውሃ ይተፋል፣ ሲበስል ይደርቃል፣ መሃሉ ይሸታል

ከበዓል በኋላ የምሰማው ስሞታ ሁሉ ማለት ይቻላል ይኸው ነው፤ መነሻውም አንድ ነው። የቅርጫው ሥጋ ሙቀቱ ሳይወጣለት፣ እንዳለ፣ በአንድ ፌስታል ታስሮ ይገባል። አምስት ኪሎ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሲገባ ላዩ ቶሎ ይጠጥራል፤ መሃሉ ግን ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባልና ሥጋው መበላሸት የሚጀምረው እዚያው ፍሪዘሩ ውስጥ ነው። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። በዚያ ላይ ቀስ ብሎ የጠጠረ ሥጋ ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱ ሥጋውን ከውስጥ ይቀደዋል። ሲቀልጥ የሚፈሰው ቀይ ውሃ ድስት ውስጥ መግባት የነበረበት ጭማቂ ነው።

አንድ ቤት የፋሲካ ሥጋ በሳምንቱ ወጥቶ ላዩ ምንም አላለውም፤ ሲሰነጠቅ ግን የመሃሉ ጠረን ወጥ ቤቱን ሞላው። ሌላ ቤት ሙሉውን ጥቅል ቅዳሜ ቅዳሜ አውርደው፣ ጠረጴዛ ላይ አቅልጠው፣ የሚፈልጉትን ቆርጠው የቀረውን ይመልሱ ነበር። ያ ሥጋ ለወሩ አልደረሰም። ከሁሉም የከፋው ግን የተጣበቀውን ጥቅል በቢላዋ ሊያላቅቁ ሲታገሉ የፍሪዘሩን ግድግዳ የወጉት ናቸው። ከግድግዳው ጀርባ የጋዝ ቱቦ አለ። ጋዙ ወጣ፣ ሥጋውም ፍሪጁም ሄደ። እባካችሁ፣ በቢላዋ በረዶ አትፈልፍሉ! ነቅላችሁ ይቅለጥ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሥጋውን መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ በትሪ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ከዚያ የጥብሱን ለብቻ፣ የወጡን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ አድርጋችሁ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ክፈሉት። ጠንካራ ዚፕ ያለው ከረጢት ውስጥ ጨምራችሁ በመዳፋችሁ ደልድሉት፤ ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። አየሩን ለማስወጣት ከረጢቱን አፉን ከፈት አድርጋችሁ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ እስከ አፉ ቀስ እያላችሁ አስጥሙት፤ ውሃው አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ያኔ ዝጉት። ምን እንደሆነና መቼ እንደገባ ጻፉበት። የመጀመሪያው ሌሊት አትደራርቡት፤ ሁሉም ለየብቻው ተኝቶ ይጠጥር። ሲጠጥር እንደ መጽሐፍ ደርድሩት።

የሱቅ ስስ ፌስታል ለዚህ አይሆንም። አየር ያስገባል፣ ሥጋው ላይ ነጭ ደረቅ ንጣፍ ይወጣል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ጥቁሩ ፌስታል ደግሞ ጭራሽ ለምግብ የተሠራ አይደለም። ያን ያህል ብር ለሥጋ ከፍሎ በከረጢት መሰሰት ያሳዝነኛል።

ስታቀልጡም ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ከቸኮላችሁ ከነከረጢቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይሁን፤ ውሃውን በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩ፣ እንደቀለጠም አብስሉት። ጠረጴዛ ላይ የዋለ ሥጋ ወደ ፍሪዘር አይመለስም።

መብራት ሄዶ መጣ፤ ይበላል ወይስ ይጣላል?

ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ እየከፈታችሁ አትዩት። የማሳስበው በተለይ ከቅበላ የተረፈ ሥጋ አስቀምጠው ዐቢይ ጾምን ለሚገቡ ነው። በ55 ቀን ውስጥ ፍሪዘሩን የሚከፍተው ላይኖር ይችላል፤ ቀልጦ ተመልሶ ቢጠጥር ማንም አያውቅም፣ ለፋሲካ ሲወጣ ደህና ይመስላል። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ አጠጥራችሁ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡበትና ፍሪዘሩ ውስጥ ተዉት። ሳንቲሙ ታች ወርዶ በረዶ ውስጥ ካገኛችሁት ሁሉም ቀልጦ ነበር፤ ሥጋውን ጣሉት። ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጣሉት።

የዶሮ ወጡ እንቁላል ጎማ ሆነ

የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ፍሪዘር አይችልም። ወጡን ስታስገቡ እንቁላሉን አውጡና ብሉት፤ ወጡ ሲሞቅ አዲስ ቀቅላችሁ ጨምሩ። ትኩስ ድስት እንዳለ አታስገቡ፣ ጎረቤቱን ያቀልጣል። በሰፊ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አብርዱት፣ ከዚያ ፍሪጅ፣ ከዚያ ፍሪዘር። ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ብትጨርሱት ጣዕሙ እንዳለ ነው፤ ስታሞቁትም እስኪፈላ ይሁን።

ሽንኩርት ሲረክስ በብዛት አቁላልታችሁ ቁሌቱን በዚሁ መንገድ ማስቀመጥ ከሥራ መልስ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ክዳኑ ግን ጥብቅ ይሁን፤ አለበለዚያ እንጀራው ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ሌሎች

ጎመኑ ጠቆረ፣ ሣር ሣር አለ፦ ጥሬውን ገብቷል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨምቆ ማስገባት።

ወጥ ውስጥ ያለው ድንች ተፈረፈረ፦ ድንቹን በኋላ ጨምሩ።

እንጀራው ተሰነጣጠቀ፦ ለአንድ ማዕድ የሚሆነውን ብቻ ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ ሲወጣ ሳትፈቱት ይቅለጥ።

ጠርሙስ ፈነዳ፦ ውሃ ሲጠጥር 9 በመቶ ያህል ያብጣል። አፍ እስከ አፍ አትሙሉ፣ ጠርሙስም ባትጠቀሙ ይሻላል።

ግድግዳው ቶሎ ቶሎ በረዶ ይጋግራል፦ በሩ ላይ ወረቀት ዝጉበትና ሳቡት። ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል። በለብታ ውሃና ሳሙና እጠቡት፤ ካልያዘ ይቀየር።