«ድንጋይ ሙሉበትና ይቅር»፦ መሬት ሲሰምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት፣ በቡሄ ማግስት ጠዋት፣ እኛ ቅያስ ላይ የአንድ ባጃጅ የኋላ ጎማ መሬት ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ባሕር ዳር ነሐሴ ላይ ሲዘንብ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሁለት ቀን በፊት ኮብልስቶኑ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ውሃ ቋጥሮ አይተነው ነበር። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ባጃጁን ለስድስት አንሥተን ስናወጣው ከሥሩ አክንባሎ የሚከድነው ቀዳዳ ተገኘ። የባሕር ዛፍ አጠና አምጥቼ ወደ ውስጥ ሰደድኩ። አጠናው ቁልቁል ሄዶ አልቆመም። ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤት አጥር ሥር ተንሸራቶ ገባ።

ወዲያው ሰፈሩ ተሰበሰበ። እዚያ ቀዳዳ ዙሪያ የተባለውን ሁሉ አሁንም አስታውሰዋለሁ። አብዛኛው ስህተት ነበር፤ የእኔም ጭምር።

«ሲንክሆል ነው፤ በፌስቡክ አይቼዋለሁ»

ይህን ያለው የባጃጁ ሹፌር ነው። ስልኩን አውጥቶ ቤት የዋጠ ጉድጓድ አሳየን። እማማ፣ የጎረቤታችን እናት፣ አማተቡ።

ሲንክሆል የሚባለው በደንበኛ ትርጉሙ የኖራ ድንጋይ ሥራ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ትንሽ አሲድነት ያገኛል። በጣም የቀጠነ አምቦ ውሃ በሉት። ይህ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ድንጋዩን ያሟሟዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ዋሻ ይሆናል። የዋሻው ጣሪያ መሸከም ሲያቅተው ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሞልቷል። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ የኖራ ድንጋይ ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወርዱም በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ታዩታላችሁ። ጨውም እንዲሁ ይሟሟል። በሙት ባሕር ዳርቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች የተከፈቱት ባሕሩ እየሸሸ፣ በቦታው የገባው ንጹሕ የከርሰ ምድር ውሃ የተቀበረውን ጨው እያሟሟው ነው።

ባሕር ዳር ግን የተቀመጠችው ባዛልት ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወረወርበት ጥቁር ገደል ምንድን ነው? የቀዘቀዘ ላቫ ነው። ይህ ድንጋይ በዝናብ ውሃ እንደ ኖራ ድንጋይ አይሟሟም። ስለዚህ እኛ ጋ የሚሰምጠው በአብዛኛው ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር ነው። አፈሩ ደግሞ አይሟሟም፤ ይታጠባል፣ ይወሰዳል።

«እንግዲያው ደኅና ነን» ብሎ መተኛት ሌላ ስህተት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ግንቦት መጨረሻ ጓቴማላ ከተማ ውስጥ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ክብ፣ እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ተከፍቶ ባለ ሦስት ፎቅ ፋብሪካ ዋጠ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አልነበረም። የነበረው ልል የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከመሬት ሥር የሚያልፈው የፍሳሽ መስመር እያፈሰሰ አመዱን ለዓመታት ሲያጥበው ቆይቷል፤ በመጨረሻ አጋታ የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ ጨመረበት። ከሥር ያለው ዋሻ ይሁን ቱቦ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃው ከየት መጣ፣ አፈሩስ የት ሄደ?

«ትናንት ደኅና ነበር እኮ»

አልነበረም። ሕፃን ልጅ ዳቦ ሰጥታችሁት ታውቃላችሁ? ከሥሩ ቦርቡሮ ልቡን ይበላና ቅርፊቱን ይተዋል። ከላይ ስታዩት ዳቦ ነው። መሬቱም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ አፈሩ ከታች፣ ከቱቦው አጠገብ ይታጠባል። ክፍተቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የቀረው አፈር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቅስት ይሸከማል። በጋውን ሙሉ ሊቆም ይችላል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ መያያዙም ይላላል። ከዚያ አንድ ባጃጅ ይበቃዋል።

ምልክት አይጠፋም። አዲስ ጎድጓዳ፣ ክብ ስንጥቅ፣ ያለ ምክንያት ያዘነበለ አጥር፣ የማይገጥም በር። ውሃ ቋጥሮ አድሮ ጠዋት ድንገት የደረቀ ቦታ ደግሞ ከሁሉ ያሳስበኛል። ውሃው የሆነ ቦታ ገብቷላ።

«ድንጋይ ሙሉበትና ይቅር»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከየቤቱ አዋጣን። ሁለት የአህያ ጋሪ ሙሉ የግንብ ፍርስራሽ ገዛን፣ ሞላነው፣ በላዩ አፈር መልሰን ኮብልስቶኑን ደረደርን። አንዱ ቤት ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ ጨምሮበታል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሲያነብ ራሱን ያውቃል።

ጳጉሜ ላይ እንደገና ሰመጠ። ከበፊቱ ይሰፋ ነበር።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠሩ። ጋሼ ቀዳዳውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ቀጥታ ወደ ታች፣ ቦዩ ወደሚያበቃበት ወረዱ። ተከተልናቸው። ፀሐይ ወጥቷል፣ ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ የለም። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ግን እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። ዳሩ ላይ ቀይ አፈር ተከምሯል። «ይኸው መንገዳችሁ» አሉን። «ውሃውን ሳትይዙ ድንጋይ ስታበሉት ነው የከረማችሁት።»

ሲቆፈር፣ ከኮብልስቶኑ ሥር የሚያልፈው የሲሚንቶ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ተላቅቆ አፉን ከፍቷል። ክፍተቱ ሦስት ጣት ያስገባል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዙሪያው ያለው አፈር በዚያች ሦስት ጣት እየገባ ከጎርፉ ጋር ወደ ጣና ይጓዛል። የእኛ ፍርስራሽ ምንም አልከለከለውም። እንዲያውም በትልልቅ ድንጋዮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ለውሃው ጥሩ መንገድ ሆኖለታል። ቆሻሻው ደግሞ በስብሶ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ትቷል።

ጋሼ ያሠሩን ሥራ ይህ ነው። በመጀመሪያ ውሃው በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ቱቦው ተጋጥሞ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለሰነ። ጉድጓዱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ወርዶ ተጠረገ። ከዚያ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ በላዩ የቡጢ ያህል ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ቀጥሎ አሸዋ። ቅደም ተከተሉ ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ ድርብ ከሥሩ ባለው ክፍተት ሾልኮ መውረድ እንዳይችል ነው። ውሃ ቢመጣ እንኳ ያልፋል፤ አፈሩ ግን አብሮት አይሄድም። በመጨረሻ ገረጋንቲ፣ ስስ ስስ እየተደረገ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ ተደልድሎ ተመታ። አንድ ጎረቤት «ሁሉን ባንዴ ሙሉትና ከላይ ምቱት» ቢል ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ወፍራም ድርብ ከላይ ቢመታ ሥሩ ልል እንደሆነ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በቀዳዳው ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ መሸፈን ነው። ጠንካራ ክዳን ማለት ጉድጓዱ ሳይታይ የሚያድግበት ጊዜ ማለት ነው። የመንግሥት ቱቦ ወይም የውሃ መስመር ከሆነ ደግሞ በራስ ከመቆፈር በፊት ለቀበሌና ለውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል። እኛ ያሳወቅነው ከሁለተኛው መስመጥ በኋላ ነው።

«የድሮ ጉድጓድ? እዚህ ግቢ የለም»

ቤት ሲሸጥ የማይነገር ነገር ቢኖር የሞላ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ድሮ ሲሞላ ምን ይደረግ ነበር? እንጨት ይረበረብበታል፣ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበታል፣ አፈር ይመለስበታል። ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ የሞላውም ይጎድላል። አዲሱ ባለቤት መጥቶ በላዩ የኪራይ ክፍል ይሠራል። ግቢ ስትገዙ ሻጩን ብቻ አትጠይቁ። ዕድሜ የጠገበ ጎረቤት ጠይቁ፤ መጸዳጃው የት የት እንደነበረ በትክክል ያስታውሳሉ። የተተወ ጉድጓድ ከተገኘ ክዳኑ ይነሣ፣ ተመጦ እስከ አፉ ይሞላ።

«አሸንዳው እዚያው ይፍሰስ፣ ምን አለበት»

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 3,000 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት፣ ከአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ማዕዘን። ይህን ሁሉ መሠረት ሥር አፍስሶ «መሬቱ ለምን ሰመጠ?» ማለት ያስቃል። ወደ ቦይ ምሩት።

«ሐይቁ ነው ከሥራችን የገባው»

እማማ እስከ ዛሬ የሚያምኑት ይህን ነው። ጣና ከከተማዋ ሥር ገብቶ መሬቱን እየበላ ነው ይላሉ። ጣና ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ከከተማዋ ሥር የተደበቀ ባሕር የለም። እማማ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም አይደለም። ዳርቻው አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው። የሐይቁ ከፍታ ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ እስከ ሰኔ ይወርዳል። ውሃው ሲሸሽ፣ ጠጥቶ የቆየ የዳርቻ አፈር ደግፎት የነበረውን ያጣል፤ ቁርጥ ብሎ ይንሸራተታል። ደንገሉን ነቅሎ እስከ ውሃው አፍ ድረስ የሚገነባ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

«ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ሊውጠን ነው»

ቤታችሁ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ አትደንግጡ፣ ግን አትናቁት። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ይገጥማል። ግድግዳውን የሚሰነጥቀው ይህ መንፋትና መሟሸሽ ነው። ይህ የጉድጓድ ምልክት አይደለም፤ መፍትሔውም የመሠረት ጉዳይ ነው።

አደጋው ያለው ተዳፋት ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር መውጫ ካገኘ ከመሬት በታች ቧንቧ ይሠራል። የቧንቧው ጣሪያ ሲወርድ ቦረቦር ይሆናል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ደብረ ማዊ በእንዲህ ያለ ቦረቦር የታወቀ ነው፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑታል። የገበሬውን ማሳ የሚቆርሰው ገደል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሬ እግሩን ባስገባባት ትንሽ ቀዳዳ ነው።

«ቆይ ጠጋ ብዬ ላንሣው»

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን ይዞ አፉ ላይ ቆመ። እማማ በቀበቶው ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት። «አንተ ልጅ፣ እናትህን አስበህ ነው?» ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

የእንዲህ ያለ ጉድጓድ ቅርጹ እንስራ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። አፉ ዳር የቆመ ሰው የቆመው ባዶ ላይ ነው። ብዙ ሜትር ርቆ ማጠር፣ መኪና ማስቆም፣ ልጆችን ማራቅ ይሻላል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ በምንም ምክንያት መግባት የለም። ውስጡ አየር የለውም፣ መርዛማ ጋዝ አለው። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው ዘሎ የገባው አብሮ ይሞታል። ገመድ፣ መሰላል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ።

በማግስቱ ማለዳ ፍርስራሹን የጫነው ጋሪ ሲደርስ ልጁ የቆመባቸው ኮብልስቶኖች አልነበሩም። ሌሊት ገብተዋል። ባለጋሪው አህያውን ወደ ኋላ መለሰና «የት ላራግፈው?» አለን።