ጣጣው የኮራሉ ነው የአልጌው? በአይፕታዥያ እንዴት እንደሚለይ

ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ በሙቀት ሲነጣ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሙቀቱን ያልቻለው እንስሳው ነው ወይስ ህዋሱ ውስጥ የሚኖረው አልጌ? አልጌው ደባል ነው፤ በብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ኪራዩንም በዚያው ይከፍላል። ኮራሉ የሚነጣው ይህ ደባል ሲጠፋ ነው። ችግሩ ሁለቱም የየራሳቸው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃ አላቸው። የአንዱን ሪፍ ኮራል ከሌላው ጋር ስታነጻጽሩ እንስሳውም አልጌውም ባንዴ ይለያዩባችኋል፣ ከዚያ የማን ጂን ምን እንደሠራ መናገር አይቻልም። መላው አንዱን ይዞ ሌላውን መቀያየር ነው።

ይህን በኮራል እጀምራለሁ ካላችሁ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት በዓመት አንዴ ነው፣ አልጌውን አጥቶ ከቆየም ይሞታል። በአይፕታዥያ ጀምሩ። የኮራል ዘመድ የሆነ ትንሽ የባሕር አኒሞኒ (ለስላሳ፣ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ነው፣ የሚይዘውም የዚያኑ ቤተሰብ አልጌ ነው። አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ስሙን መስማት አይወዱም፤ አንዴ ከገባ ይራባል እንጂ አይጠፋም። እኛን የሚጠቅመን ግን ይኸው ክፉ ጸባዩ ነው። ከእግሩ ሥር ቁራጭ ሥጋ ጥሎ ይሄዳል፣ ቁራጩም አድጎ ሙሉ አኒሞኒ ይሆናል፤ ጂኑ ከወላጁ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከአንዲት አኒሞኒ ብቻ ተነሱና አራቡ። ከቻላችሁ ሲሲ7 የሚባለውን ዘር ፈልጉ፤ ጂኖሙ በ2015 ታትሟል፣ ወደ 260 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው።

ቀጥሎ አልጌውን ማስወጣት ነው። ሜንቶል በኢታኖል አሟሙታችሁ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 30 ሚሊግራም ገደማ እንዲደርስ ጨምሩ። አኒሞኒዎቹን በቀን 8 ሰዓት እዚያ አቆዩ፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ የባሕር ውሃ መልሱ። ለተከታታይ 4 ቀን እንዲህ አድርጉና አሳርፏቸው፣ አልጌ እስኪጠፋ ደግሞ ድገሙት፤ ሳምንታት ይፈጃል። በመሃል ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ፣ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳ) እየሰጣችሁ አብሏቸው። ስኳሩ ቀርቶባቸዋል እኮ።

ነጭ ስለሆኑ ብቻ ባዶ ናቸው እንዳትሉ። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን አብሩባቸው፤ አልጌ ካለ ክሎሮፊሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከዚያም ጥቂት ሳምንት ብርሃን ላይ አኑሯቸው። የተደበቀች አንዲት ህዋስ እንኳ ካለች ትራባለች፣ ልፋታችሁም ገደል ይገባል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው።

ባዶነታቸው ከተረጋገጠ አዲስ ደባል ስጧቸው። ለአንዱ ቡድን ብሬቪዮለም ሚኑተም የሚባለውን አልጌ፣ ለሌላው ሙቀት በመቻል የሚታወቀው ዱሩስዲኒየም ትሬንቺ፣ ለሦስተኛው ምንም። አልጌውን ከተፈጨ አርቴሚያ ጋር ደባልቃችሁ በፒፔት አፋቸው አጠገብ ልቀቁላቸው። ዱሩስዲኒየም መግባቱን ይገባል፣ ግን ለአይፕታዥያ የሚሰጠው ምግብ ያንሳል። ሙቀት ቻይ ደባል ሁሌ ጥሩ ደባል አይደለም ማለት ነው። አልጌው ከተቀመጠላቸው በኋላ፣ ውስጣቸው ያለው እናንተ የሰጣችሁት መሆኑን የአልጌ ዓይነት በሚለይበት በአይቲኤስ2 የዲኤንኤ ምልክት አረጋግጡ። ይህ ምልክት በአንድ ህዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ አለው፣ ቅጂዎቹም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ አምስት ዓይነት የፊደል ቅደም ተከተል አገኘሁ ብላችሁ አምስት ዝርያ አትቁጠሩ።

ምግብና ብርሃን ለሁሉም እኩል ይሁን። ባዶዎቹ ተርበው ከነበረ የምታነቡት የረሃብ ጂን እንጂ የደባልነት ጂን አይደለም። ሌላው ወጥመድ፣ አንድ ዕቃ ውስጥ ያሉ አሥር አኒሞኒዎች አሥር ሙከራ አይደሉም፣ አንድ ናቸው። ዕቃ አብዙ።

የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ የሚታየው በአርኤንኤ፣ ማለትም ጂን ሲሠራ በሚወጣው ቅጂ ነው። አርኤንኤው ሲነበብ የእንስሳውና የአልጌው ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ጂኖሞች ጋር አስተያዩት። በእንስሳው በኩል መጀመሪያ የምታዩት ኤንፒሲ2ን ይሁን፤ ስቴሮል (ኮሌስትሮል መሰል ቅባት) የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ነው፣ አልጌ ሲኖር ይጨምራል። የበሽታ መከላከያውን የሚያዘው ኤንኤፍ ካፓ ቢ ደግሞ ይቀንሳል። በአልጌው በኩል ለውጡ ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ፤ እነዚህ አልጌዎች ብዙውን ቁጥጥር የሚያደርጉት አርኤንኤው ከተሠራ በኋላ ነው።

ያገኛችሁት ግን ፍንጭ ነው። አንድ ጂን ጨመረ ማለት ሥራው የእሱ ነው ማለት አይደለም። ያን ለማወቅ ጂኑን መስበር ያስፈልጋል፣ አይፕታዥያም አጽም ስለሌለው ስለ አጽም ሥራ ምንም አይነግራችሁም። ያኔ ነው ወደ ኮራል መመለስ። አክሮፖራ ሚሌፖራ በተባለው ኮራል ላይ በክሪስፐር (ጂን መቁረጫ መሣሪያ) መሥራት እንደሚቻል በ2018 ታይቷል፣ በ2020 ደግሞ ኤችኤስኤፍ1 የሚባለውን፣ ለሙቀት ምላሽ የሚያዘውን ጂን የሰበሩበት እጭ 27 ዲግሪ ላይ ደህና ኖሮ 34 ላይ ቶሎ አልቋል። እጮቹ ገና አልጌ አልያዙም ነበር፤ ስለዚህ ያ ውጤት በአልጌው አይሳበብም።