ኩላንት የሚጨርስ መኪና፦ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ክዳኑን እዩ

ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) የሚታየው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሪዘርቩ (ትርፉ የሚጠራቀምበት ፕላስቲክ ታንክ) ላይ ያሉትን የሎውና የፉል መስመሮችም ታውቃላችሁ። እሱን አልፈዋለሁ። ይህን የምጽፈው በየሳምንቱ በሃይላንድ ውሃ እየሞሉ ለሚነዱ የራቭ ፎር፣ የቪታራ፣ የቱሳንና የፕራዶ ባለቤቶች ነው። ጤነኛ ሞተር ኩላንት አይበላም። ፈሳሹ የሚዞረው ዝግ መስመር ውስጥ ነው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለው መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም። እባካችሁ አትግደሉት።

ትራፊክ ላይ ይሞቃል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ሲሮጥ ይወርዳል?

ፋኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር እዩ። ፕራዶ ላይ ያለውን በቺንጊያ የሚዞር ፋን ሞተሩን አጥፍታችሁ ገና ትኩስ እያለ በእጅ አዙሩት። ምንም ሳይከብድ የሚሽከረከር ከሆነ ቪስኮሱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን ይዞ የሚያዞረው ክላች) አልቋል።

ረጅም ዳገት ላይ ብቻ ይሞቃል?

ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ቫልቭ) ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። መጀመሪያ ግን በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት እዩት። ጭቃ፣ ቅጠል፣ ፌስታል ሳይቀር ይገኛል።

ሪዘርቩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል?

ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው። አንዳንዴ ምልክቱ ይለያያል። ማታ ስታቆሙት ሪዘርቩ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ኮፈኑ ስር ጣፋጭ ሽታ አለ። ወይም ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ወፍራም ጎማ) ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም የሚያመጣን ወደ አንድ ቦታ ነው፦ የራዲያተሩ ክዳን።

ብዙ ሰው ክዳኑን ውሃ እንዳይፈስ የሚከድን ቆርቆሮ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ዋናው ሥራው ግን እንደ ፕሬዠር ድስት ግፊት መያዝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስላለች ንጹህ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ወደ 90 ይወርዳል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው 95 አካባቢ ነው። ቁጥሮቹን አስተያዩ። ክዳኑ ግፊት ካልያዘና ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ከሆነ ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል! ላዩ ላይ 1.1 የሚል (ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት መጠን ነው) ጤነኛ ክዳን ግን መፍያውን እዚሁ ከተማ ውስጥ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፣ ኩላንት ሲኖርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በላላ ክዳን የሚሄድ መኪና ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችል ጎዳናን በመጨናነቅ ሲወጣ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ፣ ስፕሪንግ ያለበት፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ሪዘርቭ ይለቃል። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ መልሳ ታስገባለች። የትልቁ ላስቲክ ሲደርቅ ሪዘርቩ ይሞላና ይፈሳል። ትንሿ ስትጣበቅ ራዲያተሩ መመለስ ያለበትን ማግኘት ያቅተውና ማኒኮቶው ይጨማደዳል። ከራዲያተሩ አንገት ወደ ሪዘርቭ የምትሄደው ቀጭን ጎማ ከተሰነጠቀችም ውሃው ሳይሆን አየር ነው የሚመለሰው፣ እሷንም ዳስሱ።

አንድ ካዛንቺስ የሚሠራ ሰው ፕራዶውን አመጣ። ማታ ማታ ወደ ቤት ሲሄድ ይፈላበታል። ሌላ ቦታ ፓምፑን ቀይረውለታል፣ ቴርሞስታቱን ቀይረውለታል፣ ራዲያተሩን አውርደው አጥበውለታል። ክዳኑን አውጥቼ ከኦርጅናሉ ጎን አስቀመጥኩት። ቁመቱ አጭር ነው። ከላይ ጥርሱ ይገጥማል፣ ዞሮም ይቆማል፣ የታችኛው ላስቲክ ግን ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን መቀመጫ አይነካም። ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ያን ሁሉ ብር ያስወጣው ይህ ነበር። ለሁሉም መኪና ይሆናል እየተባለ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲሸጥ በጣም ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የሚቃጠለው የሰው ሞተር ነው።

አንዲት ቪታራ ደግሞ ከጎጃም ስትመጣ አባይ በረሃ ላይ ፈላች። ሰዎቹ ደንግጠው የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሱበት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰነጠቀ። የክዳኑን ላስቲክ ስነካው በእጄ ላይ ፍርፍር አለ።

ስለዚህ ክዳኑን በበረደ ሞተር አውጡና በደንብ እዩት። ላስቲኩ ለስላሳና ሙሉ ይሁን። ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት፣ ወዲያው መመለስ አለባት። የራዲያተሩን አንገት የውስጥ መቀመጫ በጨርቅ ጥረጉት፣ ዝገት ወይም ጭረት ካለው አዲስ ክዳንም አይረዳም። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁመቱንና ላዩ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ። 0.9 በነበረበት 1.3 አታድርጉ። ግፊቱ ሲበዛ አሮጌ ራዲያተርና አሮጌ ማኒኮቶ ነው የሚፈነዳው።

ትኩስ ራዲያተር አትክፈቱ። በጨርቅ ጠቅልላችሁም አትክፈቱ። ትንሽ ብቻ ላላ አድርጌ ግፊቱን ላስወጣ የሚል ሰው ፊቱን ተቃጥሎ አይቻለሁ። ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ፣ ማኒኮቶውን ጨበጥ አድርጉት፣ አሁንም ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። ክዳናቸው ራዲያተሩ ላይ ሳይሆን ፕላስቲኩ ታንክ ላይ ያለ መኪኖች ላይም ያው ነው፣ ግፊቱ እዚያ ነው ያለው።

ስለምትጨምሩት ነገር። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን ራዲያተሩ ውስጥ ያስቀራል፣ ብቻውን ሲሆን ዝገትም ያመጣል። መንገድ ላይ ግድ ከሆነ ጨምሩ፣ በኋላ ግን አስለውጡት። በቀለም አትመኑ፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ዓይነቱን አይናገርም፣ ቀለም የተቀባ ውሃም በኩላንት ስም ይሸጣል። የቶዮታ ሮዙ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ተበጥብጦ የመጣ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም። ወፍራሙን ከገዛችሁ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ በጥብጡት። የተጣራ ውሃ ስትገዙ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱን አንብቡ፤ የባትሪ ውሃ ስትሉ አሲዱን የሚያነሳ ሻጭ አለ።

ከሞላችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ። አፍንጫው ወደ ዳገት ይቁም፣ ክዳኑ በበረደው ሞተር ይከፈት፣ ሂተሩ ሙሉ ሙቅ ላይ ይሁን። አስነሱት፣ የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ፣ ሲወርድ ሙሉ፣ አረፋው ሲያቆም ክደኑ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ሊገነፍል ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እዩት።

ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሁንም አሉ። አገራችን ሙቀት ስለሆነ አያስፈልግም ይላሉ። ውሸት ነው። ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሌላውን መተላለፊያ ጭምር ስለሚዘጋ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። እንዲያውም ይሞቃል።

ጌጁንም አትመኑ። ብዙ መኪኖች ላይ መርፌው መሀል ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ከተነሳ ነገሩ ረፍዷል። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ የሚነካው ፈሳሽ ስለማይኖር መርፌው ሊወርድም ይችላል።

የጋቢናው ምንጣፍ ረጥቦ ጣፋጭ ከሸተተ የሂተሩ ራዲያተር ነው። ፓምፑ ስር የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካለ ፓምፑ ነው።

ክዳኑ አዲስ ሆኖ፣ አየሩ ወጥቶ አሁንም ከጎደለስ? ጠዋት በበረደ ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። አረፋው የማያቆም ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ማኒኮቶው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከጠነከረ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ከሸተተ፣ የቴስታታው ጋስኬት (ከታችኛው የሞተር ክፍል ጋር ሲገጥም መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሄዷል። ይህ መኪና ተጎትቶ ጋራዥ ይሄዳል እንጂ እየሞሉ አይነዳም። ቴስታታው ሲወርድ መጣመሙ ሳይለካ ጋስኬት ብቻ ቀይሬ ልግጠም የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ፈልጉ።