ልጁ ከሆስፒታል ወጣ፣ እናንተስ?

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይዞ ቤት መግባት ደስ ይላል። ያስፈራልም። ሆስፒታል እያላችሁ ትንፋሹን የሚቆጣጠር ማሽን ነበር፣ ነርስ ነበረች፤ አሁን ግን ሌሊት ተነስቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን የሚያየው የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ብዙ ወላጅ የሚዝለው እዚህ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ "አለፈ እኮ!" በሚልበት ሰዓት። ማይክሮዌቭ ጢጥ ባለ ቁጥር የማሽኑ ጩኸት መስሏችሁ ከደነገጣችሁ፣ አላበዳችሁም። ሰውነታችሁ ገና እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍ። "ልጁ ሲተኛ ተኙ" የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም፣ ልጁ ሲተኛ ነዋ ሰው ትንፋሹን የሚያዳምጠው! ይልቅ ሌሊቱን ተካፈሉት። እስከ 8 ሰዓት አንዳችሁ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላው ይረከብ። ተረኛ ያልሆነው ከተቻለ ሌላ ክፍል ይተኛ። እናት በየ3 ሰዓቱ ወተት የምታልብ ከሆነ ዕቃውን ማጠብ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን።

ገላ ለገላ ማቀፍን ቤትም አትተዉት። ልጁን በዳይፐር ብቻ ደረታችሁ ላይ አድርጉና ከጀርባው ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት። እሱን ያሞቀዋል፣ እናንተንም ያረጋጋል። አባትም ይቀፈው። እንቅልፍ ከመጣባችሁ ግን ወደ አልጋው መልሱት፤ ሶፋ ላይ አቅፎ መተኛት አደገኛ ነው።

የሰው ልጅ ተገለበጠ፣ የእኛ ገና ነው ብላችሁ ስትብሰለሰሉ ደግሞ ሒሳቡን ሥሩ። በ32ኛው ሳምንት የተወለደ ልጅ ከሙሉው የ40 ሳምንት እርግዝና 8 ሳምንት ይጎድለዋል፣ ስለዚህ 6 ወር ሲሞላው ዕድገቱን የምታዩት እንደ 4 ወር ልጅ ነው። እስከ 2 ዓመት ገደማ እንዲህ ይቆጠራል። ክትባት ግን የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው።

ታላቅ ልጅ ካለ፣ በቀን 15 ደቂቃ የእሱ ብቻ ይሁን። ስለ ሕፃኑ ሳይነሳ።

ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሆድ መባስ ያለ ነው። ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ወይ ልጁን ስታዩት ምንም ካልተሰማችሁ ግን ሐኪም ያስፈልጋችኋል። አባቶችም ይህ ይደርስባቸዋል፣ ብዙውን ጊዜ ንዴት ወይም ዝምታ ሆኖ ነው የሚወጣው። ራሴን ወይም ልጁን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ለሰው ተናገሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሌላው ግን የልጁ ክትትል ጥሩ መግቢያ ነው። ሐኪሙ ኪሎውን መዝግቦ ሲጨርስ፣ ከወንበሩ ሳትነሱ፣ "እኔም ደህና አይደለሁም" በሉት።