ጥንታዊ የወርቅ ቅብ ኮንሶል ጠረጴዛን መመርመርና መንከባከብ

በፈረንሳይ በሉዊ 16ኛ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1774–1792) የተሠሩ ኮንሶል ጠረጴዛዎች (ግድግዳ ተጠግተው የሚቆሙ ጠረጴዛዎች) ወደ ታች እየቀጠኑ በሚሄዱ፣ ቦይ በተቀረጸባቸው ቀጥ ያሉ እግሮቻቸውና በአበባ ጉንጉን ጌጦቻቸው ይታወቃሉ። ይህ ኒዮክላሲካል (የጥንት ግሪክና ሮማን ጥበብ የሚከተል) አሠራር በ19ኛው ክፍለ ዘመንም በብዛት ስለተደገመ፣ ገዢ በፊት ለፊቱ ውበት ብቻ መወሰን የለበትም።

ምርመራው ከጀርባ ይጀመር። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ እንዲቆም የታሰበ በመሆኑ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀረጽና ወርቅ ሳይነካው ይቀራል፤ በዚያ ባዶ እንጨት ላይ የእጅ መላጊያ የተወው ወጣ ገባ ዱካ ለዕድሜው ጥሩ ምስክር ሲሆን፣ የክብ መጋዝ ቅስት መስመር ግን ዘግይቶ የተሠራ ወይም የተተካ ክፍል መኖሩን ያመለክታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ወርቁ ነው። በእነዚህ ሥራዎች እንጨቱ በመጀመሪያ የጠመኔ ዱቄትና የእንስሳት ቆዳ ሙጫ ድብልቅ በሆነ ነጭ ልስን ደጋግሞ ይቀባል፤ በላዩ ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ አፈር ይደረባል፤ ከዚያም ሸክላው በውሃ ይረጥብና እጅግ ስስ የሆነው ወርቅ ይለጠፍበታል፤ አጌት በተባለ ጠንካራና ልሙጥ ድንጋይ እየታሸም ያበራል። ሙጫው በውሃ ስለሚላላ፣ ምንም ያህል ቢጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አይነካው። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይነሣ፤ ልስኑ የተነሣበት ቦታ ካለ ግን ብሩሹም ይቅር፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይጠራ። ጠርዝ ላይ ብቅ የሚለው ቅላት የሸክላው አፈር እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ በወርቅማ ቀለም መሸፈን ትልቅ ጥፋት ነው፤ በመዳብና በዚንክ ዱቄት የሚዘጋጀው ይህ ቀለም እየቆየ ይጠቁራልና።

የጠረጴዛውን የእብነ በረድ ገበታ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ወይን ጠጅ ስለሚበሉት የፈሰሰው ወዲያው ይጠረግ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገበታ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በጠፍጣፋው ከተሸከሙት በራሱ ክብደት ሊሰበር ስለሚችል፣ ሁለት ሰዎች በጠርዙ አቁመው ይያዙት። ሁለት እግር ብቻ ያለው ኮንሶል ደግሞ ያለ ግድግዳ ድጋፍ አይቆምም፤ ስለዚህ እብነ በረዱ የሚጫነው ከሥሩ የሚሸከመው የእንጨት ማቀፊያ ግድግዳው ላይ በጥብቅ መታሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።