የኢብኑል ሀይሠምን ጨለማ ክፍል በሐረር ወይም በድሬዳዋ ቤት ውስጥ እንዴት መሥራት ይቻላል?

በቆርቆሮ ክዳን ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሚስማር በወለቀበት ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። ቀዳዳው የተጣመመ ወይም ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ትንሽ እስከሆነ ድረስ ብርሃኑ ክብ ነው፤ ወለሉ ላይ የምናየው የፀሐይን ምስል እንጂ የቀዳዳውን ቅርጽ አይደለምና። ይህን ጉዳይ በሒሳብም በሙከራም አጥብቆ የመረመረው በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በባስራ የተወለደው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ነው። ስለ እርሱ ከማንበብ አስቀድሞ እርሱ ያደረገውን ማድረግ ይሻላል ብዬ ስለማምን፣ ከዚህ በታች ያለው ጨለማ ክፍል፣ ማለትም ብርሃን በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚገባበት ክፍል፣ በቤት ውስጥ በሚገኙ ዕቃዎች ሠርቶ ሙከራዎቹን ለመድገም የሚረዳ መመሪያ ነው።

ስለ ሰውየው ጥቂት ማወቅ ግን አይከፋም። የዓባይን ጎርፍ መቆጣጠር እንደሚቻል መናገሩን የሰማው የካይሮው ገዥ አል-ሐኪም እንዳስጠራው፣ እርሱም እስከ አስዋን አካባቢ ተጉዞ ቦታውን ካየ በኋላ ሥራው እንደማይሆን እንደተረዳ፣ ከገዥው ቁጣ ለማምለጥም እብድ መስሎ አል-ሐኪም በ1021 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ በቤት ተወስኖ እንደኖረ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይተርካሉ። ሊገድበው ያሰበው ጎርፍ በአብዛኛው ከእኛው ደጋ የሚወርደው የክረምት ውሃ ነበር። ሰባት ክፍል ያለው «ኪታብ አል-መናዚር» የተሰኘው የብርሃንና የእይታ መጽሐፉ የተጻፈው በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ በካይሮው የአል-አዝሀር መስጊድ አጠገብ እየኖረ የጥንቶቹን የግሪክ ሊቃውንት የዩክሊድንና የቶለሚን መጻሕፍት በእጁ እየገለበጠ ይተዳደር እንደነበር ይነገራል፤ ቁርኣን በእጅ ሲጻፍና ሲደጎስ ለዘመናት ለኖረባት ለሐረር እንዲህ ያለው መተዳደሪያ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንሂድ። በጀጎል ውስጥ ያለ ነባር የሐረሪ ቤት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ሲሆን መስኮቱም ጥቂት ነው። ችግሩ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በስፌትና በሳህን የተሞላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በነደባው (ከፍ ተደርጎ በተሠራው መቀመጫ) ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሮ መስቀል ያስፈልጋል። በድሬዳዋ የከዚራ ቤቶች የእንጨት መስኮታቸው ሲዘጋ ብርሃን ቢከለክልም ክፍሉ ቶሎ ስለሚሞቅ ሥራው በማለዳ ቢጀመር ይመረጣል። በሩን ወይም መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በካርቶን ይሸፍኑ፤ በጠርዙ የሚገባውን ብርሃን ሁሉ በጨርቅ ይድፈኑ። ብዙ ሰው ሙከራው አልሠራልኝም የሚለው ይህን ቸል ብሎ ነው። ከዚያም በካርቶኑ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ያብጁ።

ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። ጠዋት ከሆነ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ይምረጡ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና በውጭ ያለውን ግድግዳና ዛፍ ታበራዋለችና ምስሉ ይደምቃል። በአንሶላው ላይ መንገደኛው፣ ባጃጁና ሰማዩ ከነቀለማቸው ተገልብጠው ይታያሉ። ምክንያቱ ብርሃን በቀጥታ መስመር መጓዙ ነው፤ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ከታች፣ ከግራ የመጣውም በቀኝ ያርፋል።

ከኢብኑል ሀይሠም በፊት ዩክሊድና ቶለሚ ማየት የሚቻለው ከዓይን ወደ ውጭ በሚወጣ ጨረር ነው ይሉ ነበር። እርሱ ግን ኃይለኛ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳና ዓይን ከተጨፈነ በኋላም ምስሉ እንደሚቆይ አመለከተ፤ ከዓይን የሚወጣ ነገር ይህን አያደርግም፣ ስለዚህ ብርሃኑ ወደ ዓይን የሚገባ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሙግት ይልቅ በፋኖሶች ያደረገው ሙከራ ይበልጥብኛል። ለእርሱ ሌሊትን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መብራት የጠፋበት ምሽት ከሆነማ ይበልጥ ይመቻል። ሦስት ኩራዝ ወይም ሻማ ከቀዳዳው ውጭ በረድፍ፣ በመጠኑ አራርቀው ያስቀምጡ። በአንሶላው ላይ ሦስት የተለያዩ የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ። አንድ ሰው ከውጭ የግራውን ኩራዝ በሰሌዳ ሲጋርደው የቀኙ ነጥብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው በዚያው ቦታ ይመለሳል። የሦስቱም ብርሃን በአንዲት ቀዳዳ አልፎ ሳለ አንዱ ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም ማለት ነው።

የፀሐይን መጠን ለመለካት ደግሞ ትልቁን ቀዳዳ በሌላ ካርቶን ይሸፍኑና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ በምስማር ይብሱ። በዚህ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም በበር አትገባም፤ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ በሚከፈት በር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይሥሩ። በቀዳዳው ፀሐይን በፍጹም እንዳይመለከቱ፤ ጀርባዎን ሰጥተው ምስሉን ብቻ ይዩ። ነጭ ወረቀት የለጠፉበትን ሰሌዳ ከቀዳዳው 3 ሜትር አርቀው፣ ጨረሩ በቀጥታ እንዲያርፍበት አዘንብለው ይያዙ፤ ካልተዘነበለ ክቡ ሞላላ ይሆንና ልኬቱ ይበላሻል። የክቡ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የቀዳዳው ስፋት የሆነው 2 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 28 ሚሊ ሜትር ይቀራል። 3,000ን ለ28 ሲያካፍሉ 107 ገደማ ይመጣል፤ ይህም ፀሐይ ከእኛ ያለችበት ርቀት የራሷን ስፋት 107 ጊዜ ያህል ነው ማለት ነው። ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስፋቷ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ኢብኑል ሀይሠም ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ድርሳን ፀሐይ በከፊል ስትጋረድ በጠባብ ቀዳዳ ያለፈው ብርሃኗ የማጭድ ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ እንደሚጠፋ አብራርቷል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ግርዶሹ በላሊበላ ቀለበት ሆኖ ሲታይ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ በከፊል ታይቷል። ቀጣዩ መልካም አጋጣሚ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ሙሉው ጥላ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲያልፍ ሐረርና ድሬዳዋ ከፊሉን ከቀትር በኋላ ያያሉ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በር አይጠቅምም፤ የሚስማር ቀዳዳ ያለበት የቆርቆሮ ክዳን ካለ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ይበቃል፤ ከሌለም ካርቶኑን ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ዘርግተው ምስሉን መሬት ላይ ባነጠፉት ወረቀት ያሳርፉ። ወሩ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊጋርደው ይችላልና በተለያየ ስፋት የተበሱ ሁለት ሦስት ካርቶኖችን አስቀድመው ቢያዘጋጁ፣ ሰማዩ በተከፈተበት አጭር ጊዜ ውስጥ ማጭዱ በየትኛው እንደሚታይና በየትኛው እንደሚጠፋ ማነጻጸር ይችላሉ።