ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቆጣሪው ለምን ይዞራል?

የውሃ ቢላችን ድንገት አሻቀበ። አጠቃቀማችን ግን ያው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘጋሁና ቆጣሪውን አየሁት። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ባለ ጥርስ መዘውር ቀስ እያለች ትዞራለች። እሷን ልብ በሉ፤ ቁጥሮቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ጥቂት ውሃ ሲያልፍ እንኳ ታሳብቃለች።

ቀጥሎ የቤቱን ዋና መዝጊያ ዘጋሁ። ቀጥ አለች። ስለዚህ ውሃው የሚባክነው ከመዝጊያው ወዲህ ነው። ባትቆም ኖሮ በቆጣሪውና በመዝጊያው መሃል ያለውን መስመር እጠረጥር ነበር።

መዝጊያውን ከፍቼ የሽንት ቤቱን የውሃ መያዣ ክዳን አነሳሁ። የምግብ ቀለም ጠብ አደረግሁበት። ማንም ውሃ እንዳይለቅ ነግሬ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ያዘ! ድምፅ የለም፣ ወለል ላይ ጠብታ የለም፤ ግን ሌት ተቀን ይፈሳል።

ጥፋቱ የመድፈኛው ጎማ ነው፤ በመያዣው ሥር የውሃውን መውጫ የሚዘጋው። ጠርዙ ተጣሟል፣ ሲነካ ጥቁር ነገር እጅ ላይ ይለቃል። ወደ መያዣው የሚገባውን ውሃ ዘግቼ፣ ያለውን ለቅቄ፣ ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ ከተጋገረው ነጭ ዝቃጭ በጨርቅ አጸዳሁ። መጠኑ ስለሚለያይ በግምት አትግዙ፤ እኔ አሮጌውን ይዤ ሄጄ ልኩን ገዛሁ። ጎማውን ከመልቀቂያው ጋር የሚያያይዘውን ሰንሰለት ትንሽ ላላ አድርጉት። ከተወጠረ ጎማውን ያነሳዋል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ከሥሩ ይገባና አያስገጥመውም።

ማታ ቁጥሩን መዝግቤ ተኛሁ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ አየሁት፤ ንቅንቅ አላለም።